የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ የጥራት አያያዝ፦ ገዢ ከዓመት ዓመት እንዲመለስ

አዲስ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ በመጀመሪያው ዓመት ጥሩ ቡና ማውጣት አይከብደውም። መፈልፈያው አዲስ ነው፣ የማድረቂያ አልጋው ሽቦ አልዛገም፣ ባለቤቱም ከሚዛኑ አጠገብ አይጠፋም። ፈተናው የሚመጣው በሦስተኛውና በአራተኛው ዓመት ነው፤ ልምድ ያላቸው ሠራተኞች ወደ ሌላ ጣቢያ ሲሄዱ፣ የእሸት ዋጋ ሽሚያ ሲነሳ፣ ባለቤቱ በሽያጭ ጉዳይ አዲስ አበባ ሲከርም። ያን ጊዜ ጣቢያውን የሚያቆመው የአንድ ሰው ጉብዝና ሳይሆን ሰው ቢቀየርም የማይፈርስ አሠራር ነው። ይህ መመሪያ የታጠበ ቡና ለሚያዘጋጁ ጣቢያዎች፣ ለመሠረታዊ ማኅበራትም ለግል ባለሀብቶችም፣ ይህን አሠራር ከሚዛን እስከ መጋዘን እንዴት እንደሚዘረጉ ያሳያል።

ቡና ከዛፍ ከወረደ በኋላ ጥራቱ አይጨምርም፤ ያለው እንዳይጠፋ ይጠበቃል እንጂ። ቀማሽ ጥፋትን ያገኛል፣ አያርምም። በጣቢያው ቅጥር ግቢ ያለው ሥራ በሙሉ የሚለካው በዚህ ነው።

እምቢ የሚለው ማን ነው?

በብዙ ጣቢያዎች እሸት ተረካቢው የሚመሰገነው ባስገባው ኪሎ ነው፤ አበሉም በኪሎ ይታሰባል። እንዲህ ያለ ሰው ምሽት ላይ አረንጓዴ የበዛበት ጆንያ ሲቀርብለት "መልስ" አይልም። ቢል ኪሱ ይጎዳል፣ አርሶ አደሩም ጆንያውን ተሸክሞ ጎረቤት ጣቢያ ይሄዳል። ስለዚህ የጥራት ተቆጣጣሪውን ከግዢ ክፍል አውጡት። ተጠሪነቱ በቀጥታ ለሥራ አስኪያጁ ወይም ለማኅበሩ ቦርድ ይሁን፣ ደመወዙ ከኪሎ ጋር አይያያዝ። ሦስት ነገሮችን ማንንም ሳያስፈቅድ ማድረግ እንደሚችል በጽሑፍ ይሰጠው፦ እሸት መመለስ፣ ሎት (ለብቻው ተለይቶ የሚያዝ የቡና ክፍል) መነጠል፣ መፈልፈያ ማስቆም። ወረቀቱ ማኅተም ተመትቶበት ሚዛን ቤት ይለጠፍ። ሥራ አስኪያጁ አንድ ቀን "ለዛሬ ይለፍ" ብሎ ውሳኔውን ከሻረበት ግን ከዚያ በኋላ የሚሞላው ቅጽ ሁሉ የግድግዳ ጌጥ ነው።

አልጋ ላይ ለሚለቅሙ ሴቶችም ተመሳሳይ ነገር ይሠራል። ክፍያው በተጨረሰ አልጋ ቁጥር ከሆነ እጅ ይፈጥናል፣ ዓይን ያልፋል። በቀን ሒሳብ ክፈሉ፤ የተለቀመውን አልጋ ተቆጣጣሪው በናሙና ይመርምረው።

ሚዛን ላይ

ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሚዛኑን ክብደቱ በታወቀ 20 ኪሎ ድንጋይ ፈትሹና ውጤቱን መዝግቡ። ይህ የጥራት ጉዳይ ነው ወይ ለሚል፦ አዎ። ሚዛኑን የማያምን አርሶ አደር ቀዩን ለሌላ፣ ቅልቅሉን ለእናንተ ያመጣል።

ከእያንዳንዱ ጆንያ ከላይ፣ ከመሐልና ከሥር አንዳንድ እፍኝ ዝገኑ፤ ከላይ ብቻ መዝገን ሻጩ ሊያሳያችሁ የፈለገውን ማየት ነው። ደባልቁና 100 ፍሬ ቁጠሩ። መነሻ የሚሆን ደንብ ይህ ነው፦

- 95 እና ከዚያ በላይ ቀይ ከሆነ ወደ አንደኛ ሎት ይግባ።
- ከ85 እስከ 94 ከሆነ አርሶ አደሩ ጣቢያው ባዘጋጀው የመልቀሚያ አልጋ ላይ ለቅሞ መልሶ ያስመዝን። ጥላና የመጠጥ ውሃ አዘጋጁለት።
- ከ85 በታች ከሆነ አንደኛ ሎት ውስጥ አይግባ። መግዛት የግድ ከሆነ በተለየ ዋጋ፣ በተለየ ገንዳ፣ በተለየ አልጋ።

ምክንያቱ ይታወቅ። ያልበሰለ እሸት ልጣጩ በቀላሉ አይላቀቅም፤ መፈልፈያው ውስጥ ይሰበራል ወይም ከነልጣጩ ያልፋል፣ ስኒ ላይ ደግሞ አፍ ያዝ የሚያደርግና ሣር ሣር የሚል ጣዕም ይሰጣል። ከልኩ ያለፈው ጥቁር ቀይ እሸት በተቃራኒው ዛፍ ላይ ሳለ መብላላት ስለጀመረ የወይንና የኮምጣጤ ሽታ ያመጣል። ከዚያው ናሙና 1 ኪሎ ባልዲ ውሃ ውስጥ ጨምሩ፤ የሚንሳፈፈው ባዶ፣ በነፍሳት የተበላ ወይም የደረቀ ነው። ከ50 ግራም በላይ ከተንሳፈፈ ሙሉው ጭነት ከመፈልፈሉ በፊት በማንሳፈፊያ ገንዳ ይለፍ።

ያደረ እሸትን በዓይን መለየት ይከብዳል፣ በእጅ ግን ይያዛል። ክንዳችሁን ጆንያው መሐል ድረስ ስደዱ፤ ሙቀት ከተሰማችሁ መብላላት ጀምሯል። በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ የመጣ እሸት አየር ስለማያገኝ ቶሎ ይሞቃል፤ ከረጢቱ ከዚህ ቀደም ምን እንደያዘም አይታወቅም። ከእርሻ እስከ መፈልፈያ ያለው ጊዜ ከ8 ሰዓት ባይበልጥ ጥሩ ነው፣ ከ12 ሰዓት ግን ፈጽሞ አይለፍ። ሩቅ የመሰብሰቢያ ቦታ ያለው ጣቢያ መኪናውን ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት የማስገባት ግዴታ በውል ላይ ይጻፍ።

መፈልፈያና ገንዳ

የዲስክ መፈልፈያ በየቀኑ መስተካከል ይፈልጋል፣ ምክንያቱም የእሸቱ መጠን ወቅቱ እየገፋ ሲሄድ ይለያያል፤ በመጀመሪያው ለቀማ የመጣውና ከላይኛው ቀበሌ ዘግይቶ የሚመጣው አንድ አይደሉም። ማሽኑ ከተነሳ 5 ደቂቃ በኋላ ከመውጫው 100 ፍሬ ያዙ። የተቆረጡ ወይም የተጫሩ ፍሬዎች ከ2 ከበለጡ አቁሙና ክፍተቱን አስፉ፤ ከነልጣጩ የሚያልፍ ከበዛ አጥብቡ። የተጫረ ፍሬ ቁስሉ በኩል ቀድሞ ይበላላል፣ ሲደርቅም ጥቁር ጠርዝ ይዞ ይቀራል።

ማታ የሚደረገው ጽዳት ከጠዋቱ ማስተካከያ ይበልጣል። ማሽኑ ባዶ እስኪሆን በውሃ ይሽከርከር፤ ከዚያ ሰው በባትሪ መብራት መጋቢውን፣ የዲስኩን ጎንና የቦዩን ማዕዘኖች ይይ። እዚያ ተጣብቆ ያደረ አንድ እፍኝ ቡና በማግስቱ ከአዲሱ ጋር ይወርድና ቀማሾች ስቲንከር የሚሉት የገማ ፍሬ ይሆናል። መልኩ ብዙ ጊዜ ከደህናው ስለማይለይ አልጋ ላይ ያሉት ሴቶችም አያገኙትም።

በፍሬው ላይ የተጣበቀው ልጋግ እንዲለቅ የተፈለፈለው ቡና የሚብላላበት ገንዳ ደንቡ አንድ ነው፦ አንድ ገንዳ፣ አንድ ቀን። ግማሽ በተብላላ ቡና ላይ አዲስ የተፈለፈለ ጨምሮ መሙላት የተለመደ ቢሆንም መጨረሻው ከሥሩ ያለፈበት፣ ከላይ ያልደረሰለት ቡና ነው። ገንዳው ካልሞላ ሳይሞላ ይደር።

"ስንት ሰዓት ይብላላ?" ለሚለው ጥያቄ በሰዓት ብቻ መልስ የለም። በቀዝቃዛው ደጋ ከ24 እስከ 48 ሰዓት የተለመደ ነው፤ ሌሊቱ ሞቅ ካለ በጣም ያጥራል። ከ18ኛው ሰዓት ጀምሮ በየ2 ሰዓቱ ከገንዳው ሦስት ቦታ፣ ከሥርም ጭምር፣ ናሙና አውጡና በውሃ አለቅልቃችሁ በመዳፍ አሹት። ልጋጉ ካለ ይንሸራተታል። ሲደርስለት ሸካራ ይሆናል፣ የወንዝ ጠጠር ሲፋተግ የሚያሰማውን ድምፅ ያሰማል። ሁለተኛው ማረጋገጫ ዱላ ነው፤ ቡናው መሐል ተክታችሁ ስትነቅሉት ጉድጓዱ ክፍት ሆኖ ከቀረ ለእጥበት ደርሷል፣ ተመልሶ ከተደፈነ አልደረሰም። ሁለቱም በተስማሙበት ሰዓት ይታጠብ፣ ሌሊት 9 ሰዓትም ቢሆን። ብዙ ጥሩ ቡና የሚበላሸው "ጠዋት ይታጠባል" ተብሎ ነው። ስለዚህ በምሽት ፈረቃ ላይ ናሙና የሚያየውና እጥበት የማስጀመር ሥልጣን ያለው ሰው በስም ይመደብ፤ ለዘበኛው የተደረበ ሥራ አይሁን።

ቶሎ ከታጠበ ልጋግ ይቀራል፤ ቡናው አልጋ ላይ ይጣበቃል፣ መድረቂያው ይረዝማል፣ ሻጋታ ይይዛል። ከቆየ ደግሞ መልኩ ይዳምናል፣ ስኒው የሽንኩርት ወይም የኮምጣጤ ጠረን ያመጣል። የመጀመሪያው በከፊል ሊታረም ይችላል፣ ሁለተኛው አይታረምም።

በእጥበት ቦዩ ላይ ከባዱ ቡና ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ቀላሉ በውሃው ይሄዳል፤ ሁለቱን በተለያየ ገንዳ ተቀበሉ። ንጹሕ ውሃ በበቂ ያለው ጣቢያ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ቢዘፈዝፈው መልኩና ስኒው ይጠራል። የመፈልፈያውን ውሃ እያዞሩ መጠቀም ይቻላል፣ በየቀኑ ግን ይቀየር። ፍሳሹ ወደ ጉድጓድ እንጂ ወደ ወንዝ አይሂድ፤ ከወንዙ በታች ያሉ ነዋሪዎች ቅሬታ ያቀረቡበት ጣቢያ ጥሩ ቡና አለኝ ብሎ አይተርፍም።

አልጋ

ከእጥበት የወጣ ቡና እርጥበቱ ከ50 በመቶ በላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን በስስ አስጥታችሁ ውሃውን አንጠፍጥፉ፤ የተጫረውን፣ የጠቆረውንና ልጣጭ የያዘውን ልቀሙ። ጉድለቱ በእርጥቡ ጊዜ ከነሽፋኑ ጎልቶ ይታያል፣ ከደረቀ በኋላ ይደበቃል። ከዚያ ውፍረቱ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ይሁን፣ በየሰዓቱ ይገላበጥ። ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ፀሐዩ ሲበረታ ይሸፈን፤ ማታና ዝናብ ሲመጣም እንዲሁ። በዚህ አያያዝ ከ8 እስከ 12 ቀን ይወስዳል፣ ደመናማ ከሆነ ከዚያም በላይ።

በ5 ቀን ማድረቅ ይቻላል፣ ሥራ አስኪያጁም አልጋ ቶሎ ስለሚለቀቅለት ደስ ይለዋል። ጉዳቱ እዚያው አይታይም። ፓርችመንት የሚባለው የፍሬው ደረቅ ሽፋን ይሰነጠቃል፣ በፍሬው ውስጥም እርጥበቱ ወጥ አይሆንም። ታኅሣሥ ላይ የተቀመሰው ናሙና ጥሩ ነጥብ ያገኛል፤ ከወራት በኋላ ኮንቴይነሩ ሀምቡርግ ሲደርስ ግን ስኒው ደክሟል፣ የእንጨትና የጭድ ጣዕም ይዟል። ገዢው ብዙ ጊዜ አይከራከርም። ውሉን ይጨርስና በሚቀጥለው ዓመት አይደውልም። ጣቢያዎች "ምን አጠፋን?" የሚሉት ያን ጊዜ ነው፣ መልሱ ግን አልጋ ላይ ከቀረ ዓመት ሆኖታል።

የሚነሳበት እርጥበት ከ10.5 እስከ 11.5 በመቶ ነው። የዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት ለላኪ አገሮች ያስቀመጠው ወሰን ከ8 በታችና ከ12.5 በላይ እንዳይሆን የሚል ቢሆንም ጣቢያ በወሰኑ ጫፍ መሥራት የለበትም። ከአልጋው አምስት ቦታ ናሙና ያዙ፣ ደባልቁ፣ ጥላ ውስጥ አቀዝቅዙና ለኩ። በፀሐይ የጋለ ቡና የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል። መለኪያው ለፓርችመንት (ሽፋኑ ላልተነሳ ቡና) ወይስ ለተቀሸረ ቡና እንደተዘጋጀም አረጋግጡ፤ አንዱን ለሌላው መጠቀም የተለመደ ስህተት ነው።

ጉድለት ሲገኝ "ሠራተኛዋ ተቀጣች" ብሎ መዝጋት ምንም አያርምም። አንድ አልጋ ላይ የሻገተ ሽታ ተገኘ እንበል። ለምን? ጠዋት ፕላስቲኩ ሲነሳ ቡናው እርጥብ ነበር። ለምን? ፕላስቲኩ ቡናውን ነክቶ ስላደረ ላቡ ተመልሶ ወረደበት። ለምን ነካው? ሽፋኑን ቀና አድርጎ የሚይዝ የቀርከሃ ቅስት በዚያ አልጋ ላይ የለም። ለምን የለም? ባለፈው ዓመት ተሰብሮ ስላልተተካ። ለምን አልተተካም? ከወቅቱ በፊት አልጋ የሚፈትሽ ሰው አልተመደበም። መፍትሔው እንግዲህ መስከረም ላይ የሚሞላ የአልጋ መፈተሻ ቅጽ ነው። ይህን ሰንሰለት በአንድ ደብተር መዝግቡ፦ ቀን፣ ሎት፣ የታየው ጉድለት፣ ሥሩ፣ የተወሰደው እርምጃ፣ ያረጋገጠው ሰው ስም። ደብተሩ ወቅቱን ሙሉ ባዶ ከሆነ ጣቢያው ጉድለት የለበትም ማለት አይደለም፤ የሚጽፍ የለም ማለት ነው።

የሎት ካርድ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የሚተገብር ጣቢያ ይህን ይተግብር። ካርዱ ከእሸቱ ጋር ሚዛን ላይ ይወለዳል፣ ከቡናው ሳይለይ ከገንዳ ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ ኬሻ ይሄዳል። በዝናብ እንዳይበሰብስ በፕላስቲክ ይሸፈን፣ በእርሳስ ይጻፍ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ውሃ ሲነካው ሊጠፋ ይችላል። የሚሰፍርበት፦ የሎት ቁጥር፣ የተረከቡበት ቀን፣ የእሸት ኪሎ፣ የመጣበት ቀበሌ ወይም መሰብሰቢያ፣ የቀይ እሸት በመቶኛ፣ የተፈለፈለበት ሰዓት፣ የገንዳ ቁጥር፣ የታጠበበት ሰዓትና ያሳጠበው ሰው፣ የአልጋ ቁጥሮች፣ አልጋ ላይ የወጣበትና የተነሳበት ቀን፣ የመጨረሻ እርጥበት፣ የኬሻ ብዛት።

ለምን እንደሚያስፈልግ በሒሳብ እንየው። 6 ኪሎ እሸት በግምት 1 ኪሎ የተቀሸረ ቡና ይሰጣል። ባለ 60 ኪሎ 320 ኬሻ የሚይዝ ኮንቴይነር 19,200 ኪሎ ነው፤ ለዚያ ወደ 115,000 ኪሎ እሸት ያስፈልጋል። በአንድ መጥፎ ቀን የገባ 3,000 ኪሎ እሸት 500 ኪሎ ቡና፣ ማለትም 8 ኬሻ ግድም ይወጣዋል። ከዚያ ቀን ቡና ከ7 ፍሬ አንዱ ቢገማና 8ቱ ኬሻ ከ320ው ጋር ቢደባለቅ፣ ከ280 ፍሬ አንድ የገማ ይኖራል። ቀማሽ ለአንድ ሎት በተለምዶ አምስት ስኒ ያዘጋጃል፤ በየስኒው 8.25 ግራም፣ ይኸውም 55 ፍሬ አካባቢ። አምስቱ ስኒዎች 275 ፍሬ ሆኑ ማለት ነው። በአማካይ አንዱ ስኒ ይገማል፣ ሙሉው ኮንቴይነር ደረጃውን ያጣል። ካርድ ያለው ጣቢያ 8ቱን ኬሻ ነጥሎ በዝቅተኛ ዋጋ ይሸጣል፣ 312ቱን ያድናል። ካርድ የሌለው የትኞቹ እንደሆኑ አያውቅም።

የአውሮፓ ኅብረት ደንብ 2023/1115 ካርዱ ላይ አንድ መስመር ጨምሯል። ቡናው እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ ባልተተከለበት መሬት የበቀለ መሆኑን በማሳው መገኛ ማሳየት ይጠይቃል፤ ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ የጂፒኤስ ነጥብ ይበቃል። የትግበራው ቀን ሲራዘም ቢቆይም የአርሶ አደሩን መለያ ቁጥር ከሎት ቁጥር ጋር ማያያዝ በአንድ ወቅት የሚያልቅ ሥራ አይደለምና አሁኑኑ ጀምሩት።

ኬሻና መጋዘን

እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን በኢትዮጵያ ቡና ላይ ከተፈቀደው በላይ የፀረ ተባይ ኬሚካል ቅሪት አግኝታ ግዢው ተስተጓጎለ። ምንጩ እንደሆነ የተነገረው እርሻው ሳይሆን የተበከለ ጆንያ ነው። በዚያን ጊዜ ጃፓን ከዋና ዋና የቡናችን ገዢዎች አንዷ ነበረች። ስለዚህ ኬሻ አዲስና ለምግብ የተፈቀደ ይሁን፣ ከማዳበሪያ፣ ከኬሚካልና ከነዳጅ ጋር በአንድ ቤት አይደር፣ በአንድ መኪናም አይጫን። ኬሻዎቹ ከወለል 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ 50 ሴንቲ ሜትር ርቀው ይደርደሩ። ሎቶች መሐል ሰው የሚያልፍበት ክፍተት ይኑር። መጋዘኑ ላይ ጣሪያ ማፍሰሱ የሚታወቀው በዝናብ ነው፤ ቀን በር ዘግታችሁ የብርሃን ቀዳዳ ብትፈልጉ ግን ቀድማችሁ ታገኙታላችሁ።

ቅምሻው፣ ግምገማውና የምስክር ወረቀቱ

በአገር ውስጥ የደረጃ ምደባ ከ100 ነጥብ 40ው ለጥሬ ቡናው፣ 60ው ለስኒው ነው። ውጤቱ ከማዕከል ሲመጣ ፋይል ውስጥ አይቀበር፤ በሎት ቁጥሩ ከካርዱ ጋር ጎን ለጎን ይቀመጥ። ሐምሌ ወይም ነሐሴ ላይ ሥራ አስኪያጁ፣ ተቆጣጣሪው፣ የገንዳ ኃላፊውና የአልጋ ተወካዮች ተቀምጠው ከፍተኛና ዝቅተኛ ነጥብ ያገኙትን አምስት አምስት ሎቶች ካርድ ያንብቡ። ብዙ ጊዜ ዝቅተኞቹ አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ፦ አንድ የመሰብሰቢያ ቦታ፣ አንድ ገንዳ፣ ወይም እሸት የበዛበት ሳምንት። የመጨረሻው ከሆነ ችግሩ የአልጋ እጥረት ነው፤ ወይ አልጋ ጨምሩ ወይ የዕለት ቅበላ ገድቡ። በዚያው ስብሰባ አንድ ቁጥር በየዓመቱ ይመዝገብ፦ ካለፈው ዓመት ገዢዎች ስንቱ ተመልሰው ገዙ? የአንድ ዓመት ትርፍ በዓለም ዋጋ መውጣት ብቻ ሊመጣ ይችላል፤ ይህ ቁጥር ግን ከዋጋው ጋር አብሮ አይወጣም አይወርድም።

ዓለም አቀፍ የጥራት አያያዝ መስፈርት የሆነው የአይኤስኦ 9001 የምስክር ወረቀት ከዚህ በኋላ የሚታሰብ ነው። የሚጠይቀው በመሠረቱ ከላይ ያለውን ነው፦ የተጻፈ አሠራር፣ የሚጠበቅ መዝገብ፣ የጉድለት እርምት፣ የውስጥ ኦዲት፣ የአመራር ግምገማ። ካርድና ደብተር ሳይኖረው ለወረቀቱ የሚከፍል ጣቢያ ኦዲተር ሊመጣ ሲል ቅጽ በአንድ ሌሊት ይሞላል። የካይዘን (አሠራርን በጥቂት በጥቂቱ ያለማቋረጥ የማሻሻል ዘዴ) ሥልጠና የሚጀምርባቸው አምስቱ "ማ"ዎች፣ ማለትም ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ፣ ለጣቢያ ይጠቅማሉ፤ በተለይ ለመሣሪያ ቤትና ለመጋዘን። የሚቸግረው አምስተኛው ነው፣ ምክንያቱም የጣቢያ ሠራተኛ በየወቅቱ ይበተናል። ልምድ ያላቸውን በጥቅምት ሌላ ጣቢያ ሳይቀድማችሁ በነሐሴ ጥሯቸው፣ ትንሽ ቀብድም ስጡ።

ከእያንዳንዱ የተሸጠ ሎት 1 ኪሎ ፓርችመንት አየር በማያስገባ ላስቲክ አሽጋችሁ፣ የሎት ቁጥሩን ጽፋችሁ፣ የሚቀጥለው ዓመት ምርት እስኪሸጥ ድረስ አቆዩ። ገዢ ቅሬታ ሲያቀርብ ይህን አስቀምሱ፤ ጉድለቱ ከእናንተ ነው ወይስ ከጉዞው የሚለው በዚሁ ይለያል። ከእናንተ ከሆነ የሎቱን ካርድ ቅጂና ከጉድለት ደብተሩ የተወሰደውን እርምጃ አብራችሁ ላኩለት።